ለአባቴ ወገብ የሚሆን ጃኩዚ፦ በ9,000 ዶላር የቱን እንግዛ?

ጥያቄ፣ ከአውሮራ ኮሎራዶ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ይህ ሁለተኛው የብርድ ወቅታቸው ነው። አገር ቤት ሳሉ ወገባቸው በተነሳባቸው ቁጥር ፍል ውሃ መሄድ ልማዳቸው ስለነበር፣ እዚህም ለእርሳቸው መታጠቢያ፣ ለእኛም ከሥራ መልስ ማረፊያ የሚሆን ጃኩዚ ጓሯችን ውስጥ ለማስቀመጥ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ጃኩዚ ስል ፈረንጆቹ ሆት ተብ የሚሉትን፣ ደጅ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ውሃው ሞቆ የሚቆየውን ባለክዳን ገንዳ ማለቴ ነው። አዲስ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ሆኖም ማስገጠሚያውን ጨምሮ ከ9,000 ዶላር በላይ ማውጣት አንችልም።

እስካሁን ሦስት አይተናል። አንደኛው ከፕላስቲክ ተቀርጾ የተሠራ፣ ተራ የቤት ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለአራት ሰው ሲሆን ዋጋው 4,000 ዶላር አካባቢ ነው። ሁለተኛውን ያየነው ለሁለት ቀን ብቻ በተከፈተ የሽያጭ ትርዒት ላይ ነው፤ ከ60 በላይ ጄት (ውሃ በግፊት የሚረጭ ቀዳዳ)፣ ባለቀለም መብራትና ድምፅ ማጉያ አለው፤ ከ14,000 ወደ 7,500 ዶላር ወርዷል ተብለን፣ ዛሬውኑ ቀብድ ካላስያዛችሁ ነገ ዋጋው ይመለሳል አሉን። ሦስተኛው ከቤታችን የ20 ደቂቃ መንገድ ላይ ባለ ሱቅ የሚሸጥ ባለአምስት ሰው ነው፤ 28 ጄትና አንድ መብራት ብቻ ኖሮት 6,900 ዶላር ይጠየቅበታል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። የምታውቁ ብታማክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከሚኒሶታ

ወንድሜ፣ ቀብዱን ካልከፈሉ ያቆዩት። የእኔም ልብ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያዘነበለው ወደዚያው ነበር። ከእንዲህ ያለ ትርዒት የገዛሁት ጃኩዚ በሦስተኛው ዓመት ልክ ብርዱ በጠናበት ወር ዋናው ፓምፑ ቆመ፤ ሻጩ የሚገኘው በሌላ ግዛት ነበርና ስልክ ሳነሳ ሳስቀምጥ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በዚያ መሃል ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሁለቱን ሰነጠቃቸው። ዋስትናው ዕቃውን እንጂ የጠጋኙን የእጅ ዋጋ እንደማይሸፍን ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌላ ጃኩዚ ስገዛ በመጀመሪያ የጠየቅሁት "ሲበላሽ ቤቴ ድረስ የሚመጣው ማን ነው?" ብዬ ነበር። ሦስተኛው ሱቅ የራሱ ጠጋኞች ካሉት፣ ያ ብቻውን ከ30 ተጨማሪ ጄት ይበልጣል።

ስለ ጄት ካነሳን፣ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ያው አንድ ስለሆነ በ60 ቀዳዳ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ግፊት ይደክማል። የአባታችንን ወገብ የሚረዳው በልኩ ቦታ ላይ የተቀመጡ አራት ወይም አምስት ትልልቅ ጄቶች ናቸው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጄት በገንዳው ግድግዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ከጀርባው መጋጠሚያ አለው፤ ውሃ ማንጠባጠብ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

እንደ እኔና እንደ እርስዎ ባለ ብርድ አገር ገንዘብዎን የሚበላው ሙቀት መጠበቂያው ነው። ሻጩ የጎኑን መሸፈኛ ከፍቶ ውስጡን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ይውጡ። በገንዳውና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በሙሉ በፎም ከተሞላ ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል፣ መብራት ቢጠፋም ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ነገር ግን ቱቦ ሲያፈስ ቦታውን ለማግኘት ፎሙን መቆፈር ያስፈልጋል። ከግድግዳው ዳር ብቻ የተሸፈነው ለጥገና ይመቻል፤ አሠራሩ ጥሩ ካልሆነ ግን ነፋስ ያስገባል። የካሊፎርኒያ ደንብ እነዚህ ገንዳዎች ማንም ሳይገባባቸው ሞቀው ለመቆየት ብቻ ስንት ዋት እንደሚወስዱ የሚናገር መለያ እንዲለጠፍባቸው ያስገድዳል፤ ብዙ አምራቾች አንዱን ሞዴል በሁሉም ግዛት ስለሚሸጡ መለያውን ኮሎራዶም ውስጥ ያገኙት ይሆናል። በሁለት ገንዳዎች መካከል የ100 ዋት ልዩነት ካለ በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በኤሌክትሪክ ሂሳብዎ ላይ ባለው ዋጋ ያባዙት።

ክዳኑንም አይናቁት። ሱቁ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ የሞቀ ማሳያ ካለ፣ ክዳኑ በሚታጠፍበት መሃል ላይ እጅዎን ያስጠጉ፤ እንፋሎት ከተሰማዎ ማሸጊያው ደካማ ነው። የማንኛውም ክዳን ፎም ከዓመታት በኋላ ውሃ መምጠጡ ስለማይቀር፣ አንድ ሰው በቀላሉ ያነሳው የነበረው ለሁለት ሰው ከከበደ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። በመጨረሻ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን የሠራው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ እንደ ባልቦዋ ወይም ጌኮ ያሉት በብዙ ብራንዶች ውስጥ ስለሚገቡ፣ የገንዳው አምራች ቢዘጋ እንኳ መለዋወጫ አይጠፋም።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና በሙያዬ ልናገር። ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ120 ቮልት ጃኩዚ ማሞቂያው 1 ኪሎዋት ያህል ነው። 300 ጋሎን ውሃን ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 40 ለማድረስ ወደ 40 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በመንገድ የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር እንኳ 40 ሰዓት ይፈጃል። በ240 ቮልት የሚሠራው ባለ5.5 ኪሎዋት ማሞቂያ ይህንኑ ሰባት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ያደርሰዋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ባለ120 ቮልት ሞዴሎች ጄቱ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ማሞቂያውን ያጠፋሉ፤ በረዶ እየጣለ አባትዎ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ውሃው ከሥራቸው ይቀዘቅዛል። ሞቃት አገር ላለ ሰው የመጀመሪያውን አልከለክልም ነበር፤ ለአውሮራ ግን አልመክርም።

ባለ240 ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ ባለ50 አምፒር መስመር ከነ ጂኤፍሲአይ መከላከያው (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው መስመሩን የሚቆርጠው)፣ እንዲሁም ከገንዳው ቢያንስ 5 ጫማ ርቆ በዓይን በሚታይ ቦታ የተተከለ የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ይፈልጋል። ወጪው ዋናው ፓነል (የቤቱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን) ከጓሮው ባለው ርቀት ይወሰናል፤ እኔ የምሠራቸው ብዙውን ጊዜ ከ1,200 እስከ 2,000 ዶላር ይደርሳሉ። ገንዳውን ከመግዛትዎ በፊት ፓነልዎ ቦታና አቅም እንዳለው አስቀድመው ያስፈትሹ፤ የከተማውን ፈቃድም ያውጡ። "ወንድሜ በርካሽ ይሠራልኛል" የሚባልበት ሥራ አይደለም፤ ውሃና መብራት ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትርዒቱን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ከኩሽናችን በር ጋር የተያያዘ ዴክ፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ስላለን እዚያው ላይ ልናስቀምጠው አስበን ነበር። አባቴም የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

ዴኩን ይተዉት። ውሃው ብቻ 2,500 ፓውንድ ይመዝናል፤ ገንዳውና አምስት ሰው ሲጨመር 4,000 አካባቢ ይሆናል። ገንዳው 7 ጫማ በ7 ጫማ ከሆነ በእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ ላይ ከ80 ፓውንድ በላይ ያርፋል፤ የመኖሪያ ቤት ዴክ በተለመደው ደንብ የሚሠራው 40 እንዲሸከም ታስቦ ነው። በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ የፈሰሰ 4 ኢንች ኮንክሪት ያሠሩ፤ መሬቱ በብርድ ሳይጠነክር ቢጀምሩት ይሻላል።

መልስ፣ ከሲያትል

እኔ ነርስ ነኝ፤ ቤታችንም ጃኩዚ አለን። አባትዎ ከመግባታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊትን ያወርዳል፣ መድኃኒቱም ያወርዳል፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ሰው ሲነሳ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደ ከከፍተኛው ልክ ከ104 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ አድርገው፣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ሰው አብሯቸው ሆኖ ይግቡ። መያዣ ያለው ደረጃም ይግዙላቸው፤ በበረዶ ላይ እርጥብ እግር አደገኛ ነው። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ ጭራሽ አይግባ፤ ክዳኑም የሚቆለፍ ይሁን።

አገር ቤት ያለው ፍል ውሃ ይፈስሳል፤ ይህኛው ግን ለሦስት ወይም ለአራት ወር እዚያው የሚቆም ውሃ ነው። በደንብ ካልተያዘ ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይራባበታል። ክሎሪኑ ቢያንስ በሚሊዮን 3 እጅ፣ ፒኤቹም (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆኑን ሁልጊዜ ከመግባታችሁ በፊት በመፈተሻ ወረቀት እዩ፤ ሰው በበዛበት ቀን ደግሞ ደጋግማችሁ እዩት። ሁሉም ሰው ሻወር ወስዶ ይግባ፤ በተለይ ጸጉሯን ቅቤ የተቀባች እንግዳ ከመጣችባችሁ በትሕትና ለሌላ ቀን አስተላልፉት፣ እኛ ማጣሪያችንን በአንድ ምሽት የጣልነው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃውንም በጥቅምት መጨረሻ ለውጡት፤ ቀጣዩ ቅያሪ በጥር ብርድ እንዳይወድቅ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ያቆያችኋል።

ጠያቂው

ዛሬ ሦስተኛው ሱቅ ሄጄ የጎኑን መሸፈኛ አስከፈትሁ። በሙሉ በፎም የተሞላ ነው፤ መቆጣጠሪያው ጌኮ ነው፤ ሁለት ጠጋኞች አሏቸው፤ ዋስትናውም ለሁለት ዓመት የእጅ ዋጋን ይጨምራል። ክዳኑ መሃል ላይ ጥቂት እንፋሎት ስለተሰማኝ ስነግራቸው፣ ወፍራሙን ክዳን በዚያው ዋጋ እንሰጥሃለን አሉኝ። አባቴም አብረውኝ ነበሩና ባዶው ገንዳ ውስጥ ገብተው ተቀምጠው፣ ጥግ ያለው ወንበር ወገባቸው ላይ ልክ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፓነሉን ሊያይ ሐሙስ ይመጣል፤ ቀብዱን የምከፍለው ከዚያ በኋላ ነው።