ሀዋሳ ለምትገቡ፦ ኦቨን የማይፈልግ የልጆች መክሰስ

ከሚኒሶታ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባለቤቴ ሀዋሳ ሥራ ስላገኘ ክረምቱ እንዳለቀ ጓዛችንን ጠቅልለን እንገባለን። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ዓመት አልሞላውም። እዚህ ለትልቋ ትምህርት ቤት የምቋጥርላት መክሰስ ራሴ የምጠቀልለው ኢነርጂ ቦል የሚሉት ድቡልቡል ነው። አጃ፣ ቴምር፣ የአልመንድ ቅቤ፣ ቺያ የሚባለው እንደ ተልባ ያለ ደቃቅ ፍሬ፣ ትንሽ ማር። እሳት አያይም። ብስኩትና ከረሜላ አላስለመድኳትም፣ እዚያም እንድትጀምር አልፈልግም። ጥያቄዬ ይሄው ነው። እነዚህን ነገሮች በሻንጣ ልጫን ወይስ ሀዋሳ አገኛለሁ? ባለቤቴ «ሻንጣው ለልብስ ነው» ብሎ አቋም ይዟል።

ከሀዋሳ፦

እህቴ፣ በዚህ ነገር ባልሽን ስሚው። ሻንጣውን ለልብስና ለልጆቹ መጻሕፍት ተዪው።

እኔም ከውጭ ተመልሼ ነው እዚህ የምኖረው። መክሰስ የምቋጥርላቸው ልጆች አሉኝ። አጃው በትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች አለ፤ ከውጭ የሚገባው ግን ኪስ ይጎዳል። የአልመንድ ቅቤና ቺያ አንዳንዴ ይኖራሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋሉ። ልጅ ደግሞ በየቀኑ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ስለዚህ መቼም በማይጠፋው መሥራት ይሻላል፦ በሶ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ። ሳይጋገር መሠራቱም እዚህ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ብዙ ቤት ኦቨን የለውም። ያለውም ቤት መብራት ሲሄድ ኦቨኑ የድስት ማስቀመጫ ነው።

አጃውን የሚተካልሽ በሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ እሳቱን አስቀድሞ አይቷል፤ በውሃ በጥብጠሽ ወዲያው ትጠጪዋለሽ። ጥሬ የስንዴ ዱቄት እንዲህ አይደለም። ሳይበስል ከተበላ ሳልሞኔላን የመሰለ ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል «ዱቄት ዱቄት ነው» ብለሽ እንዳትለዋውጪው። ገብስ ደግሞ እንደ አጃው ሁሉ ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰር (ፋይበር) አለው። ቶሎ አያስርብም። መንገደኛ በሶ ስንቅ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ባልትና ቤት ስትገቢ በሶውን አሽትቺው። ቆሎ ቆሎ ካልሸተተሽ በደንብ አልተቆላም ማለት ነው። ትንሽ ቆንጥረሽ በሁለት ጣትሽ እሺው፣ ሻካራ ከሆነ ይነፋ። ጨው ገብቶበት እንደሆነም ጠይቂ። አንዳንዱ ቤት ቀላቅሎ ነው የሚፈጨው፣ አንቺ ደግሞ ጨው ስትጨምሪበት የባሕር ውሃ ይሆንብሻል።

ኦቾሎኒው ላይ ግን አትቸኩዪ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቆልቶ የሚሸጠውን እየተንሸራሸርሽ ብዪው፤ ለልጅ መክሰስ ጥሬውን ገዝተሽ ቤትሽ ቁይ። ከመቁላትሽ በፊት ሰፌድ ላይ ዘርግፈሽ አንድ በአንድ ልቀሚው። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ ነክ የሆነውን ሁሉ አውጥተሽ ጣዪ። ለዶሮም አትስጪው። በሻገተ ኦቾሎኒ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል፣ ጉበት ነው የሚጎዳው። መቁላት ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። የቆላሽው ሲቀዘቅዝ በመዳፍሽ አሽተሽ ቅርፊቱን አበጥሪው። ስትቀምሺው መራራ ፍሬ ካጋጠመሽ አትዋጪው፣ የቀረውን እንደገና ልቀሚ።

መጠኑን ልንገርሽ። ፍሬው የወጣለት ቴምር አንድ ኩባያ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ አንድ ኩባያ፣ በሶ ግማሽ ኩባያ። ሰሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ቆንጠር አድርገሽ ጨው፣ ከወደድሽ ኮረሪማ። ሃያ ገደማ ድቡልቡል ይወጣዋል። ማር አያስፈልገውም፣ ቴምሩ ጣፋጭ ነው።

ቴምሩን ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፈሽ አጥልዪው። የዘፈዘፍሽበትን ውሃ አትድፊው። ብሌንደር ካለሽ ኦቾሎኒውን ብቻውን መጀመሪያ አድቅቂው፣ እንደ ሽርክት ሲሆን አቁሚ። አልፎ ቅቤ ከሆነ ድቡልቡሉ ዘይት በዘይት ይሆናል። መብራት ከሌለ ሙቀጫ አለ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ሙቀጫውን እመርጣለሁ። ቴምሩ መጀመሪያ ዘነዘናውን ጨምድዶ ይይዝና አልላቀቅ ይላል፣ ክንድ ይፈትናል። ኦቾሎኒው እየደቀቀ ዘይቱን ሲለቅ ግን ሊጡ ከሙቀጫው ጎን እየተላቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰባል። በሶውና ተልባው የሚገባው ያኔ ነው።

በሶ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ሊጡ እንደረጠበ አይተሽ በላዩ በሶ ብትጨምሪበት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድንጋይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ሸፍነሽ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዪው፣ ከዚያ ጨብጠሽ እዪው። መዳፍሽን ስትከፍቺ የጣቶችሽ ምልክት ታትሞበት ሳይፈርስ ከቀረ ደርሷል። ከፈረሰ የቴምሩን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ መልሺበት። እጅሽ ላይ ከተጣበቀ ትንሽ በሶ። ከእንቁላል አስኳል ሳታስበልጪ አድቦልቡዪና ሰሊጡ ላይ አንከባልዪው።

አሁን ስለ ትንሹ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው የባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የሕፃን አንጀት አይችለውም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ወደ አገር ስትገቢ ዘመድ አዝማድ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል ስለሚመጣ ነው። መካከላቸው «ጣቴን ማር ነክቼ ላቅምሰው» የሚል አይጠፋም። በትሕትና ከልክዪ፣ ቢቀየሙም ይቀየሙ። ድቡልቡሉንም ለእሱ አትስጪው፣ ይጣበቃል፣ ያንቃል። ሙሉ ኦቾሎኒማ እስከ አራት አምስት ዓመት ድረስ ባይነካ ይመረጣል።

ሌላው ደግሞ «ጤናማ ነው» ተብሎ ሳህን ሙሉ አይበላም። አንድ ትልቅ ቴምር ብቻውን 16 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ጥሩ ስብ ነው፣ ስብ ግን ስብ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ይበቃታል። ማር ልጨምርበት ካልሽ የዓለም ጤና ድርጅት ማርን የሚቆጥረው ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ስኳር ከቀኑ ምግብ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። ቴምር ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ስትጨርስ በውሃ ትጉመጥመጥ።

ሚኒሶታ ላይ የማያጋጥምሽን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ልጅ መክሰሱን ብቻውን አይበላም። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ጓደኞቿ ከበው ይቋደሳሉ፣ እሷም ከእነሱ ትቋደሳለች። ልጅሽ «የእኔ ነው» ብላ ክዳኑን ብትዘጋ ስስታም ትባላለች። ስለዚህ ከሁለቱ በላይ ቋጥሪላት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ልጆችም ስለሚኖሩ ወተትና ቅቤ የሌለበት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ሁሉም ይበላዋል። ግን አስቀድመሽ አስተማሪዋን ጠይቂ፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ክፍል ውስጥ ካለ ድቡልቡሉ ከቤት እንዳይወጣ።

ሀዋሳ ሞቃት ናት። ድቡልቡሉ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ውጭ ግን ከሁለት ቀን በላይ አታሳድሪው። ቴምር ከጠፋ በበሰለ ሙዝ መሥራት ይቻላል፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ ገበያው ላይ ሞልቷል። በሶውን እጥፍ አድርጊ። የሙዙ ግን በዚያው ቀን ይበላ፣ ሲያድር ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል።

ከዳላስ፦

የሀዋሳዋ እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ። ግን እዚህ ላለነው አንድ ነገር ይታከል። የእኔ ልጆች ትምህርት ቤት ኦቾሎኒ በር አያልፍም። በሱፍ አበባ ፍሬ ብሠራውስ? ሰሊጡን ላብዛው ብዬም አስቤ ነበር። ደግሞ ሀበሻ ሱቅ ያለው በሶ ይሆናል ወይ?

ከሀዋሳ፦

የሱፍ አበባ ፍሬ በደንብ ይሆናል፣ የዱባ ፍሬም እንዲሁ። ሁለቱንም ቆልተሽ አስገቢበት፤ ሊጡ አልያዝ ካለሽ ቴምሩን ትንሽ ጨምሪ። ሰሊጥ ማብዛቱን ግን ተዪው። አሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ አድርጋ የምግብ እሽግ ላይ እንዲጻፍ በሕግ አስገድዳለች። ኦቾሎኒ የሚከለክል ትምህርት ቤት ሰሊጥም ሊከለክል ስለሚችል መጠየቅ ነው።

የሀበሻ ሱቁ በሶ ይሆናል። የታሸገበትን ቀን እዪ፤ የቆየ በሶ ቆሎ መሽተቱን ትቶ ካርቶን ካርቶን ይላል። ገብስ ስለሆነ ደግሞ ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አለው። ግሉተን ለማይስማማው ልጅ የጤፍ ዱቄት በመጥበሻ አመስ አድርገሽ ተኪው። ሽታው እስኪለወጥ ድረስ እያማሰልሽ፣ እሳቱን ሳታበዢ።

ከቶሮንቶ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ኢነርጂ ቦል ስታወሩ ጭኮን ዘለላችሁት እኮ! እኔ አርሲ ነው ያደግሁት። በሶ በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ቁርጥ ቁርጥ ተደርጎ። ፈረንጅ ያለ ኦቨን መክሰስ መሥራት ዛሬ ነው የጀመረው፣ እናቶቻችን ግን ለመንገደኛ ሁሉ ሲያስይዙት ኖረዋል። ለልጅቷ ጭኮ ስጧት።

ከሀዋሳ፦

ጋሼ፣ ጭኮን የሚያህል የለም፣ አልከራከርዎትም። ለበዓልና ለእንግዳ እሠራለሁ። ግን ለምሳ ዕቃ አይመቸኝም። በሀዋሳ ሙቀት ቅቤው ይቀልጥና ደብተሩ ሁሉ ይወዛል። የጾም ቀን ደግሞ ጓደኞቿ አብረዋት ሊቋደሱ አይችሉም። ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ ይሁንላት። ቅቤው ለብ ይበል እንጂ አይሙቅ፣ ይህን እርስዎም ያውቁታል። ትኩስ ከሆነ በሶው አይያዝም፣ ይበታተናል።

ከሚኒሶታ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ሳቀብኝ። ይኸውላችሁ፣ ሻንጣው ለልብስ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ልጨርስ። ቴምርስ ሁልጊዜ አለ? ትንሽ ቺያ ብይዝስ?

ከሀዋሳ፦

ቴምር በረመዳን ሰሞን በየሱቁ ይሞላል። ከዚያ ውጭ ሱፐርማርኬት ውስጥ በእሽግ ታገኚዋለሽ፣ አንዳንዴ ግን ደርቆ እንጨት የሆነ ያጋጥማል። እሱን አሥር ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። አዲስ አበባ የምታድሩ ከሆነ መርካቶ ገብታችሁ ሁለት ሦስት ኪሎ ብትይዙ አይከፋም፣ በደንብ ከተከደነ ይቆያል።

ቺያውን ተዪው። ተልባ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ጥሩ ስብም አለው፣ ውሃ ሲነካው የሚያዝለገልገውም እንደ ቺያ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ብቻ ፈጭተሽ ብዙ አታስቀምጪ፣ ቶሎ ይበላሻል። ሙሉውን አስቀምጠሽ ለሳምንት የሚሆንሽን ብቻ ቆልተሽ ፍጪ። ከሻንጣው ቦታ ከተረፈሽ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ትንሽ ምሳ ዕቃ ያዢ። እዚህ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ክዳኑ ቶሎ ይላላል።