ነገ ጠዋት ከክለቡ ጋር ልቀዝፍ ነው፤ የካያኬ ስኬግ ግን ተጣብቆ አልወርድ አለ

አዲሱ ቀዛፊ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ለነገ የማይባል ስለሆነ በቀጥታ ልግባበት። ባለፈው ሳምንት ያገለገለ ረጅም ካያክ ገዝቼ ነበር፤ ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት ከቀዘፋ ክለቡ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዙ ላይ እወጣለሁ። አሁን ጓሮ አውጥቼ ስፈትሸው፣ ከኋላ በሆዱ ሥር የሚወርደው ስኬግ፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለው ቀጭን ዝርግ፣ ከነጭራሹ አልንቀሳቀስ ብሏል። መቀመጫው አጠገብ ያለውን መግፊያ በኃይል ስገፋው ቀጭኑ ሽቦ ከመግፊያው ሥር ጎበጠብኝ። ጀልባውን የሸጡልኝ ሰው ያለ ስኬግ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ነግረውኛል። ዕቃ መሸጫዎች ተዘግተዋል፤ የክለቡን አስተባባሪም በስልክ ላገኛቸው አልቻልኩም። እባካችሁ ዛሬ ማታ ምን ማድረግ እንደምችል የምታውቁ ንገሩኝ።

ከሲያትል፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡18

ወንድሜ፣ አይጨነቁ። ዘይት ያለው የሚረጭ ቅባት ስኬጉ በሚወርድበት ስንጥቅ ውስጥ ይርጩበትና 10 ደቂቃ ቆይተው መግፊያውን እንደገና ይሞክሩት። የእኔ የመኪና በር ማጠፊያ በዚሁ ነው የተላቀቀው።

መካኒኩ ከአሌክሳንድሪያ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡31

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እጅዎን ከመግፊያው ላይ ያንሱ። ሽቦው የጎበጠው ስኬጉ ታች ተይዞ ሳለ ከላይ ስለተገፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ደግመው ቢገፉት ይሰበራል። ስኬግ ሲጣበቅ ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ ጥፋተኛው ትንሽ ጠጠር ነው። ጀልባው ከዳር ተጎትቶ ውሃ ሲገባ ጠጠሩ በስኬጉና በስኬጉ ቤት (ስኬጉ በሚገባበት ሳጥን) ግድግዳ መካከል ይሰነቀርና እንደ ሽብልቅ ያጠብቀዋል።

ጀልባውን ብርድ ልብስ ላይ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጠው የእጅ ባትሪ ያብሩበት። ከኋላ በኩል አንድ ክንድ የማይሞላ ረጅም ስንጥቅ ያያሉ። ስኬጉን ከግራና ከቀኝ በጣትዎ ጫን ጫን ሲያደርጉት ጠጠሩ ያለበት ወገን እንቢ ይላል። በዚያ በኩል ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ወይም ሌላ ቀጭን ፕላስቲክ ያስገቡና ጠጠሩን ወደ ሰፊው ጫፍ እየገፉ ያውጡት። በካቻቪቴ እንዳይፈለቅቁት አደራ፤ የስኬጉ ቤት ግድግዳ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ቢቀደድ ውሃ ወደ ኋላው የዕቃ ክፍል ይገባል። ጠጠሩ ከወጣ በኋላ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ በደንብ ያጥቡት፤ ደቃቁ አሸዋም ይወጣል።

የጎበጠውን ሽቦ በፒንሳ ቀስ አድርገው ቢያቃኑት ለነገ ያደርስዎታል። አንድ ጊዜ የጎበጠ ሽቦ ግን በዚያው ቦታ እንደገና መጉበጡ ስለማይቀር በሚቀጥለው ሳምንት ያስቀይሩት። ቅባቱን አልደግፈውም፤ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል፤ ከወር በኋላም እዚሁ ችግር ላይ ይመለሳሉ።

ቀዛፊት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡44

እኔ በጥያቄው መነሻ ላይ አልስማማም። ሻጩ የነገሩዎት ነገር ትክክል አይደለም። ስኬግ እንደ መርከብ መሪ ጀልባውን አይመራም፤ ሥራው ከነፋስ ጋር የተያያዘ ነው። ካያክ ወደፊት ሲሄድ አፍንጫው ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ጸንቶ ይቆማል፤ ኋላው ግን ልል ነው። ነፋስ ከጎን ሲመታው ኋላው ይንሸራተትና አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ስኬጉን ግማሽ ድረስ ሲያወርዱት ኋላው ይያዛል፤ ሙሉ በሙሉ ካወረዱት ደግሞ ጀልባው በተቃራኒው ከነፋሱ ይሸሻል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ግን ስኬግ ወረደ አልወረደ ልዩነት የለውም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስኬግ በሌለው ጀልባ ነው የቀዘፍኩት።

ነፋስ ከተነሳም መላ አለው። ዕቃዎን፣ ለምሳሌ ሁለት ጋሎን ውሃ፣ በኋላው ክፍል ያስቀምጡ፤ ኋላው ሲከብድ መንሸራተቱ ይቀንሳል። ከዚያ በነፋሱ በኩል ያለውን ወገንዎን ጫን ብለው ጀልባውን በትንሹ ያዘንብሉትና በዚያው በኩል መቅዘፊያውን ከአፍንጫው እስከ ኋላው ሰፊ ቅስት እያሠሩ ይቅዘፉ፤ አፍንጫው ከነፋሱ ይመለስልዎታል።

ከሁሉ በላይ ያልነገሩን አንድ ነገር አለ። የነገው ጉዞ ምን ዓይነት ቀዘፋ ነው? «ወንዙ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የዋሽንግተኑ ፖቶማክ ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በታች ሌላ ወንዝ ነው፤ ከጆርጅታውን በታችም ሌላ ወንዝ ነው።

አንጋፋው፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡05

እኅታችን ያነሡት ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ሥር ስለሆነ ጥቂት ላስፋፋው፤ ቢረዝምብዎትም ጠያቂው ታግሠው እንዲያነቡት እለምናለሁ። ካያክ መጀመሪያ የአርክቲክ ሕዝቦች፣ የኢኑይትና የአሌውት አዳኞች፣ በእንጨትና በአጥንት አጽም ላይ የአቆስጣ ቁርበት ወጥረው የሠሩት የአደን ጀልባ ነው። ተቀምጠው ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ስለሚቀዝፉት፣ ብዙውን ጊዜ ተንበርክከው ባለ አንድ ጫፍ መቅዘፊያ ከሚቀዝፉት ካኑ ይለያል። ዛሬ ካያክ የሚባለው ግን አንድ ጀልባ አይደለም፤ እያንዳንዱ የቀዘፋ ስልት የየራሱን ቅርጽ ወልዷል።

የእርስዎ ዓይነት፣ ወደ 5 ሜትር የሚጠጋና ስኬግ ያለው፣ ለረጅም ጉዞና ለባሕር የተሠራ ነው። በቀላሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዕቃ ይይዛል፤ ለመታጠፍ ግን ይዘገያል። በአለቶች መካከል በሚናጥ ፈጣን ውሃ የሚቀዘፈው ደግሞ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ የሆነ፣ ሆዱ እንደ ሙዝ የቀሰተ፣ በአንድ ምት የሚዞር አጭር ጀልባ ነው። በዚያ ላይ ስኬግ የለም፤ የራስ ቁርና ውሃ የማያስገባ የወገብ መሸፈኛ ግን ግዴታ ነው። ፈጣን ውሃ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይመዘናል፤ ግሬት ፎልስ ከከባዶቹ አንዱ ሲሆን በካያክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወረደው በ1975 ነው። ስላሎም የሚባለው ስልት በፈጣን ውሃ ላይ በተንጠለጠሉ በሮች መካከል በሰዓት መወዳደር ነው፤ በትር መንካት 2 ሴኮንድ፣ በር መሳት 50 ሴኮንድ ያስቀጣል። ለዚህ ስልት የእኛ አካባቢ የታወቀ ነው። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በሁለት ሰው ካኑ ወርቅ ካገኙት አንዱ ጆ ጃኮቢ የዚሁ የዋሽንግተን አካባቢ ልጅ ነው። እንግዲህ ክለብ ውስጥ መግባት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሌላውን ሰው ጀልባ ተውሰው ሁሉንም ስልት መቅመስ ይችላሉ። ያንን ረጅም ጀልባ ይዘው ወደ ፈጣኑ ውሃ ከሄዱ ግን በመጀመሪያው አለት ላይ ተጋድሞ ይሰበርብዎታል፤ ያኔ ስኬጉ ቢሠራም አያድንዎትም።

ከሲያትል፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡11

ጠጠሩም ወንዙን ናፍቆ ይሆናል የተሳፈረው። እኔ ግን አሁንም ቅባቱን ይሞክሩ እላለሁ።

አዲሱ ቀዛፊ፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡26

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የክለቡን መልእክት እንደገና አነበብኩት። ከፍሌቸርስ ኮቭ ተነሥተን ወደ ታች፣ ኪ ብሪጅ በሚሉት ድልድይ ሥር አልፈን፣ የቴዎዶር ሩዝቬልትን ደሴት ዞረን እንመለሳለን ይላል። መሣሪያ ማስተካከሉ ጊዜ ስለሚወስድብኝ ቀደም ብዬ ደርሼ፣ ሌሎቹ እስኪመጡ ድረስ ወደ ላይ በኩል ብቻዬን ትንሽ ለመለማመድ አስቤያለሁ። አሁን ጀልባውን ገልብጬ በባትሪ እያየሁ ነው፤ በግራ በኩል አንድ ነገር ይታየኛል።

ቀዛፊት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡33

የጉዞው መስመር ለጀልባዎ በትክክል የሚስማማ ነው። ከፍሌቸርስ በታች ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ አይናጥም።

ብቻዎን ወደ ላይ ለመለማመድ ያሰቡትን ግን እባክዎ ይተዉት። ከፍሌቸርስ ሽቅብ ሲሄዱ ቼይን ብሪጅና ሊትል ፎልስ ናቸው፤ ውሃው እየጠበበና እየበረታ ይሄዳል። ከዚያም በላይ ያለው ዝቅተኛ ግድብ ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ከሥሩ የሚሽከረከረው ውሃ ግን የያዘውን አይለቅም፤ የብዙ ሰው ሕይወት ስላለፈበት «የመስጠሚያ ማሽን» እስከመባል ደርሷል። ደግሞም አሁን ኤፕሪል ነው። አየሩ ሞቆ ሸሚዝ ቢያስለብስም ውሃው የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣቶቹ መታዘዝ ይተዋሉ። ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬትዎን ዳር ላይ ሳሉ ይልበሱ፤ ጀልባው ላይ አስሮ መሄድ መልበስ አይደለም። የጥጥ ልብስም አይልበሱ። እንዲሁም በ1 ሰዓት ያሉት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥሩ፤ በአሜሪካው ከሆነ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነውና መልእክቱን አንድ ጊዜ ያረጋግጡ።

የጣና ዳር ልጅ፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡50

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እኛ ሰፈር ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከውሃ በወጣ ቁጥር ቆሞ ይደርቃል። አባቴ ታንኳውን ዳር ላይ ሲጎትት ያየሁት አንድም ቀን የለም፤ ሁልጊዜ ተሸክሞ ነበር የሚያወጣው። ይህን ያነሣሁት ለስኬጉም የሚሠራ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ጀልባውን ሁለት ሆናችሁ ተሸክማችሁ፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ ከገባችሁበት ጠጠር አይገባም። እኔ ራሴ ከክለቡ ጋር ስወጣ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። በስኬጉ የታችኛው ጫፍ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሱና ቀጭን ገመድ አስገብተው፣ ከስንጥቁ ውጭ ሁለት ጣት ያህል እንዲተርፍ አድርገው ይቋጥሩት። ውሃ ላይ ሳሉ ስኬጉ ቢጣበቅ ከጎንዎ ያለው ቀዛፊ ገመዱን ጎተት ሲያደርግልዎ ይወርዳል። ብቻውን ለሚቀዝፍ ሰው ይህ ገመድ ዋጋ የለውም።

አዲሱ ቀዛፊ፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡15

ወጣ! የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ጥቁር ጠጠር ነው። በባንክ ካርድ ነው ያወጣሁት፤ ካርዱ ተሰንጥቋል። ስኬጉ በእጄ ሲነካ አሁን ይወርዳል፤ በመግፊያው ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ሽቦውን ሳላቃናው ልተወው ወይስ ልንካው?

መካኒኩ ከአሌክሳንድሪያ፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡22

ያቃኑት ያልኩትን ይተዉት፤ አይንኩት፤ በነገው ጸጥ ያለ ውሃ ያለ ስኬግም መሄድ ይችላሉ። ስኬጉን ወደ ላይ አስገብተው ይሂዱ፣ መግፊያውንም ከናካቴው አይጠቀሙበት። ሰኞ ሽቦውን ለማስቀየር ሲሄዱ የጀልባውን ሠሪና ሞዴል ጽፈው ይውሰዱ፤ የሽቦው ውፍረት ከጀልባ ጀልባ ይለያያል።

ከሲያትል፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10፡40

እንዴት ዋሉ ወንድሜ? ጉዞው እንዴት ነበር?

እናት ቀዛፊ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4፡05

ይህን ሳነብ የራሴን ጀልባ ገልብጬ አየሁት፤ ሁለት ጠጠር አገኘሁበት። የጣና ዳሩ ልጅ፣ ገመዱ ምን ዓይነት ይሁን? የናይሎን የጫማ ማሰሪያ ይሆናል ወይስ ሌላ ልግዛ?

የጣና ዳር ልጅ፣ እሑድ ከጠዋቱ 5፡30

የጫማ ማሰሪያው ይበቃል፣ እናቴ፤ ጥጥ ብቻ አይሁን፣ ይበሰብሳል። ጫፉን በክብሪት ያቅልጡት፤ ቋጠሮውም ከቀዳዳው እንዳያልፍ ሁለት ጊዜ ይቋጥሩት።