በብጣሽ ጨርቅ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ፦ የእጅ ስፌቱ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ
ፒያሳ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ብጣሽ ጨርቅ ገጣጥሜ የአንድ የአልጋ ልብስ የላይኛውን ፊት ጨርሻለሁ። የቀረኝ ይህን ፊት፣ መካከል የሚገባውን ንጣፍና ገበሩን አንድ ላይ በእጅ መስፋት ነው። ከዳር ልጀምር ወይስ ከመሐል? ለመካከሉስ ባዘቶ ይሆናል?

መልስ 1
ከመሐል ይጀምሩ፤ ከዳር ከተጀመረ የተገፋው ጨርቅ መሐል ላይ ተሰብስቦ ይጨማደዳል። አስቀድመው ግን ሦስቱን ንብርብሮች ወለል ላይ ወጥረው ይዘርጉና፣ ገበሩን በየዳሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በረጃጅም ስፌት ይወስውሱት፤ ይህ ክር በኋላ ይነቀላል። እኔ ይህን አሰልቺ ሥራ ዘልዬ በመርፌ ቁልፍ ብቻ አልፌው ነበር፤ ገበሩ ተጣጥፎ ስለተሰፋ ግማሹን ተርትሬያለሁ።

መልስ 2
ባዘቶ ይሞቃል፤ ሆኖም ሲታጠብ ስለሚጓጉል የስፌት መስመሮቹ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በእኔ አስተያየት ያረጀ ጋቢ ይሻላል፤ አራቱም ድርብ ለእጅ መርፌ ስለሚከብድ ግን ተርትረው ሁለቱን ብቻ ይጠቀሙ። ቀይና ጥቁር ብጣሾች ቀለም የሚለቁ መሆናቸውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተው ይፈትሹ።

መልስ 3
ክሩ ጥጥ ይሁን፣ ርዝመቱም ከ45 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይብለጥ፤ ረጅም ክር ይቋጠራል፣ ይሳሳል። ትንሽ ቋጠሮ አስረው መርፌውን በላይኛው ጨርቅ ብቻ ያስገቡና ቀስ ብለው ሲስቡት ቋጠሮው ዘልቆ ንጣፉ ውስጥ ይደበቃል። የስፌቱ ማነስ አያስጨንቅዎት፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእኩልነቱ ነው።