አስቸኳይ፦ አባቴ 6 ኪሎ ከቀነሱ ወዲህ ያዞራቸዋል፤ ክብደቱን ይመልሱ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርና ግፊት አለባቸው። ሐኪም ቀንሱ ብሏቸው ከ88 ኪሎ ወደ 82 ወርደዋል። ሰሞኑን ብድግ ሲሉ ያዞራቸው ነበር። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ግን ግድግዳ ይዘው ነው ከመውደቅ የተረፉት። አልቧቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እናቴ «መክሳቱ ነው የጎዳቸው፣ እንደ ድሮው ይብሉ» ትላለች። ምን ላድርግ?

ተረኛ ፋርማሲ፦
ስለ ኪሎው በኋላ እናወራለን። አሁኑኑ ስኳራቸውን ለካ። መጀመሪያ እጃቸውን በውኃ ታጥበው ይድረቅ፤ ጣት ላይ ማር ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ ካለ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። የጣቱን ጎን ውጋ፣ መሀሉን አይደለም። ከ70 በታች ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠህ አጠጣቸው። ለስላሳ ካለ ከ300 ሚሊ ጠርሙስ ግማሹ ይበቃል፤ ስኳር የሌለበት ዓይነት ግን አይረዳም። 15 ደቂቃ ጠብቀህ ድገም፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ ያህል ስጣቸው። መለኪያ ከሌለህ በምልክቱ ብቻ ስኳሩን ስጣቸው፣ አትጠብቅ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አታግባ፤ በጎናቸው አስተኛቸውና ወደ ሐኪም ቤት ሩጥ። ደግሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም አልጻፍክም።

የጤና ነገር፦
እናትህን በአክብሮት አስረዳቸው፦ ክብደት መቀነሱ ጥሩ ነው። ከ88 ላይ 6 ኪሎ 7 በመቶ ገደማ ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ ግፊትን፣ ስኳርንና በደም ውስጥ ያለውን ስብ ያሻሽላል። በግምት አንድ ኪሎ ሲወርድ የላይኛው ግፊት በአንድ ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ጉልበትም አለ፦ አንድ ኪሎ ስትቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትህ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ጉበት ላይ የተከማቸ ስብም ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲቀነስ መራገፍ ይጀምራል።

ሚዛን፦
እኔ አልስማማም። 82 ኪሎ ገና ብዙ ነው። ስድስት ኪሎ ሰው አያዞርም፣ ስኳርም አያወርድም። ሌላ በሽታ ፈልጉ። ለውጥ የሚመጣው 20 ኪሎ ሲወርድ ነው።

እመቤት፦
ስኳር በውኃ ስጣቸው ወንድሜ፣ ሌላው ይቆይ። ቸኮሌትና ወተት ግን አይሁን፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል።

የጤና ነገር፦
ሚዛን፣ 20 ኪሎ የሚለው ነገር ነው ብዙ ሰው ሳይጀምር ተስፋ እንዲቆርጥ የሚያደርገው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ በታተመው ትልቅ የስኳር መከላከል ጥናት ላይ የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከእነሱ መካከል አንዱ ቡድን የተሰጠው ግብ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰደው ቡድን ግን በ31 በመቶ ነው። ጠያቂያችን፣ አባትህ አስቀድሞ ስኳር ስላለባቸው ይሄ ቁጥር ይበልጥ የሚመለከተው አንተንና እህት ወንድሞችህን ነው። በዘር ይሄዳልና ተመርመሩ።

ጠያቂ፦
ለካን፣ 61 ነበር! ስኳሩን ከጠጡ በኋላ 94 ሆኗል፣ ላቡም ቆመ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድኃኒታቸው ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸናው ኪኒን ነው። ሁሉንም ጠዋት 1 ሰዓት ይውጣሉ። ሑዳዴ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት አይበሉም፤ መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም።

ተረኛ ፋርማሲ፦
አየህ፣ ዋናውን ነገር አሁን ነው የነገርከን። ግሊቤንክላማይድ ምግብ ይኑር አይኑር ሳይል ቆሽት ኢንሱሊን እንድታመነጭ ይገፋፋል። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ክብደት ሲቀንስ ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን ይበልጥ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ለ88 ኪሎ የተሰፋው የኪኒን ልክ አሁን ሰፍቷቸዋል። የሚጠበበው ልብሱ ነው እንጂ ሰውየው ተመልሰው አይወፍሩም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እንዲህ አይጥልም።

94 አይቶ መዘናጋት የለም። የግሊቤንክላማይድ ጉልበት አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የተጠጣው ስኳር ሲያልቅ እንደገና ይወርዳል። አሁኑኑ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ይብሉ፣ ብቻቸውን አይተዉ፣ በየ2 ሰዓቱ ለኩ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። ሐኪሙ ሳያያቸው ነገ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ አይዋጥ። የግፊቱን ኪኒን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ከማዶ፦
ሰሞኑን ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ግፊቱም ሊሆን ይችላል። 5 ደቂቃ ጋደም ብለው ለካ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገም። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ለሐኪሙ ንገረው። ክብደት ቀንሰው፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ፣ በዚያ ላይ የሚያሸና ኪኒን! ቆመው ስትለካ ታዲያ አጠገባቸው ሁን።

እመቤት፦
ስኳር በውኃ ስጡ ያልኩት ለዚህ ነበር። ጾሙን በተመለከተ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። ለታመመ ሰው ሰዓቱ ይቀልለታል። ምግቡ የጾም ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚቀየረው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሚዛን፦
መድኃኒቱ እንዲህ መሆኑን ካወቅን እኔም ተስማምቻለሁ። ግን ክብደቱ እንዳይመለስ ዘይቱን ተጠንቀቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የጾም ወጥ ላይ ደግሞ ሳይለካ ነው የሚፈሰው። በማንኪያ ይለካ።

ጉልበተኛው፦
ቀበቷቸው ስንት ቀዳዳ ገባ? ሳትነግረን አትጥፋ።

የጤና ነገር፦
ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ የኩላሊት ምርመራ ማለትም ክሬአቲኒን ይታይላቸው፣ የ3 ወሩ የስኳር አማካይም እንዲሁ። ሁለቱ ሳይታዩ የኪኒኑን ልክ በትክክል ማስተካከል ያስቸግራል።

ተረኛ ፋርማሲ፦
ጠያቂ፣ ደርሳችኋል? የመድኃኒት ፓኮዎቹን በሙሉ ያዛቸው፣ ሚሊግራሙ እዚያ ላይ ነው ያለው። የመለኪያ መሣሪያውንም አትርሳ፤ የዛሬው 61 ከነሰዓቱ ተመዝግቦበታል፣ ሐኪሙ ራሱ ከማሽኑ ይየው።