ስኪዞፍሬኒያና ቀልድ፦ ወንድሜ ጨዋታ የማይገባው ለምን ሆነ?

ጥያቄ (ከደሴ)
ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል፤ የሌለ ድምፅ መስማቱ ቀርቶለታል፣ እንቅልፉም ተስተካክሏል። ያልተመለሰለት ጨዋታው ነው። ድሮ ሰፈሩን ሁሉ በሳቅ ፍርስ የሚያደርግ ልጅ ነበር። ሰሞኑን ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ አጎታችን ስኒውን አንሥቶ «ይህ በረካ ከመቅጠኑ የተነሣ የጦሳ ተራራ ወለል ብሎ ይታይበታል» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ግን የራሱን ስኒ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ትክ ብሎ ካየ በኋላ «እኔ አይታየኝም» አለ፤ ሳቁ ሲበረታ ፊቱ ተለዋውጦ ወደ ክፍሉ ገባ። ይህ ከሕመሙ ነው ወይስ ከመድኃኒቱ? በፊቱ መቀለዳችንንስ እንተው?

መልስ (የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ኮምቦልቻ)
እኅቴ፣ ወንድምዎ አኩርፎ ወይም ንቆ እንዳልሆነ በቅድሚያ ይወቁልኝ። እንዲህ ያለውን ቀልድ ለመረዳት አንጎል በመጀመሪያ ቡናና ተራራ እንደማይገናኙ ያስተውላል፤ ቀጥሎም ተናጋሪው ቡና አፍዪዋን ለመንካት እንጂ ተራራ ለማሳየት እንዳልተናገረ ከሐሳቡ ገብቶ ይገምታል። ስኪዞፍሬኒያ ይበልጥ የሚያውከው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው። የሌላውን ሰው ሐሳብ የምንገምተው ከግንባር በስተጀርባና ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያሉት የአንጎል ክፍሎች ተቀናጅተው ሲሠሩ ነው፤ በሕሙማን ዘንድ ደግሞ የእነዚህ ክፍሎች አሠራር ተለውጦ ይገኛል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ክሪስ ፍሪዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የሕመሙን በርካታ ምልክቶች ከዚሁ ችግር ጋር አያይዞ አብራርቷል። በምርመራ ጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቅ «የሸረሪት ድር አንበሳ አያስርም» የሚለን ሰው አለ፤ ሰሙን ይዞ ወርቁ ያመልጠዋል። የሰውን ሐሳብ መገመት የማያስፈልገው፣ በድርጊት ላይ የቆመ ቀልድ ግን ይቀላቸዋል።

መልስ (ከሕመሙ ጋር የምኖር፣ ደሴ)
የነርሷ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከቀልዱ አለመግባት ይልቅ የሚያቆስለው የሰዎቹ ሳቅ ነው። ሕመሙ በጠናብኝ ጊዜ ፒያሳ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሲስቁ በእኔ እንደሚስቁ ቅንጣት አልጠራጠርም ነበር። ስለዚህ ወዲያውኑ «አጎትህ ቡና አፍዪዋን መንካቱ ነው፣ በአንተ አልሳቅንም» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። መቀለዱን ግን እባካችሁ አትተዉ፤ እሱ ሲገባ ዝም የሚል ቤት ይብስበታል። ሌላው ደግሞ ፊቴ ሳይፈታ ውስጤ የሚስቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ለቤተሰቤ እስክነግራቸው ድረስ ደስታ የሚባል ነገር የጠፋብኝ ይመስላቸው ነበር።

መልስ (ነርሷ)
ወንድሜ፣ እርስዎ ስለ ፊትዎ የጠቀሱት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው፤ ሕሙማን ፊልም እያዩ ሲጠየቁ እንደ ሌላው ሰው ስሜቱ እንዳደረባቸው ይናገራሉ፣ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ግን አነስተኛ ነው። እኅቴ፣ እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ የቆዩ መድኃኒቶችም ፊትን ሊያደነዝዙ ይችላሉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም እርምጃው የዘገየ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑን የሚያስተካክለው ወይም መድኃኒቱን የሚቀይረው እሱ ነው፤ በራሳችሁ ፈቃድ ግን ፈጽሞ እንዳታቋርጡ።

ጠያቂዋ
እርምጃው በእርግጥ ዘግይቷል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬው ገብቼ ይህንኑ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።