ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጓንዡ ልሄድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ላስቀድም?

መምህር ከባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቻይና መንግሥት የትምህርት ዕድል ሁለተኛ ዲግሪዬን እንድማር ጓንዡ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ምዝገባው የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ሲሆን፣ ማደሪያው ከዚያ በፊት ስለማይከፈት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች እዚያው በንግድ ከሚተዳደረው የአጎቴ ልጅ ቤት ለማሳለፍ አስቤያለሁ። ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም፤ ቻይንኛም ገና ፊደል ቆጠራ ላይ ነኝ። ስለ ትምህርቱ ብዙም ስጋት የለኝም። የሚያሳስበኝ የዕለት ተዕለት ኑሮው ነው፦ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፈል፣ ስልክ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከአገር ቤት ምን መያዝ እንደሚገባኝና የትኛው ጉዳይ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት። በከተማዋ የኖራችሁ ወንድሞችና እህቶች ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የፓንዩ ተማሪ

እንኳን ደስ አለዎት መምህር። እኔ በፓንዩ ወረዳ ዩኒቨርሲቲዎቹ በተሰባሰቡበት ደሴት ተምሬ ባለፈው ዓመት ጨርሻለሁ። ከጻፉት ሁሉ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ዘመድ ቤት አርፋለሁ ያሉት ላይ ነው። ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከሆቴል ውጭ ካረፈ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያድርበትን አድራሻ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብ አለበት፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የመግቢያና የመውጫ ሕግ የተደነገገ ነው። ሆቴል ያረፈ ሰው ፓስፖርቱን ለእንግዳ መቀበያው ሲሰጥ ሆቴሉ ራሱ ያስመዘግብለታል፤ ቤት ያረፈ ግን እሱ ወይም ያሳረፈው ሰው ጣቢያ ድረስ መሄድ ይኖርባቸዋል። ያላስመዘገበ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ እስከ 2,000 ዩዋን ሊቀጣም ይችላል። ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ግን ወረቀቱን ማጣት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቁ ይህንኑ የምዝገባ ወረቀት አምጡ ይባላሉና። ስለዚህ የአጎትዎ ልጅ የኪራይ ውሉን ከወዲሁ አዘጋጅቶ እንዲጠብቅዎት ይንገሩት፤ እንደደረሱ ዕረፍቱ ይቆይና አብራችሁ ሂዱ። ወደ ማደሪያው ሲዛወሩ አድራሻዎ ስለሚለወጥ ምዝገባው እንደገና ይደረጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቪዛው ነው። የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ ከሆነ የቆይታ ቀናት በሚጻፉበት ቦታ ላይ 000 የሚል ቁጥር ያያሉ። ይህ ማለት ቪዛው ለመግቢያ ብቻ ነው፤ በገቡ በ30 ቀናት ውስጥ ከፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ፣ የቪዛ ማመልከቻ ቅጹና የሕክምና ምርመራ ውጤትዎ ዋናዎቹ በእጅ ሻንጣዎ ውስጥ ይሁኑ፤ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ፈጽሞ አይላኩዋቸው። ፓስፖርትዎን ለፈቃዱ ሲያስረክቡ በምትኩ ደረሰኝ ይሰጥዎታል፤ ፓስፖርቱም ሁለት ሦስት ሳምንት እዚያው ሊቆይ ይችላል። ባንክና የስልክ ኩባንያ ደግሞ ዋናውን ፓስፖርት ካላዩ አያስተናግዱም። ስለሆነም ሲም ካርድ ማውጣቱንና የባንክ ሒሳብ መክፈቱን ፓስፖርቱን ከማስረከብዎ በፊት ይጨርሱ። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቁ የክፍል ጓደኞቼ አንድ ወር ሙሉ በሰው ስልክ ሲከፍሉ አይቻለሁ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በጓንዡ ከጎዳና ዳር ፍራፍሬ ሻጭ እስከ ትልቅ ሆስፒታል ድረስ ሁሉም የሚከፈለው በስልክ ነው። አሊፔይ እና ዊቻት የሚባሉትን መተግበሪያዎች አገርዎ ሳሉ ይጫኑና በፓስፖርትዎ ይመዝገቡ። በተለይ ዊቻት አዲስ ተጠቃሚን አንዳንድ ጊዜ ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥለት ስለሚጠይቅ፣ የአጎትዎ ልጅ በዚህ ይርዳዎት። ሁለቱም በውጭ አገር የወጣ ቪዛ ካርድና ማስተርካርድ ይቀበላሉ፤ ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ተጨማሪ ሒሳብ የለም፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን 3 በመቶ ይቆረጣል። ባንክዎ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የሚሰጥ መሆኑን ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። የቻይና ባንክ ሒሳብ ከከፈቱ በኋላ እሱን ከመተግበሪያው ጋር ሲያገናኙ ይህ 3 በመቶ ይቀርልዎታል። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥርዎንም አይጣሉት፤ ባንክዎ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በእሱ ነው።

እኛን ኢትዮጵያውያንን ለይቶ የሚያደክም ነገር ቢኖር ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ እዚያ ያለው ቅጽ ደግሞ የሚያውቀው የቤተሰብ ስምና የግል ስም ብቻ ነው። አንድ ባንክ የእኔንና የአባቴን ስም ያለ ክፍተት አገጣጥሞ መዝግቦት ስለነበር፣ መተግበሪያው ሒሳቡ የእኔ መሆኑን አልቀበልም አለ። ሠራተኛዋ በመስኮቱ በኩል ፓስፖርቱንና ስክሪኑን ጎን ለጎን አድርጋ በእስክሪብቶ ጫፍ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካች እስከ መጨረሻው ቆጠረች፤ ሁሉም ፊደል ልክ ነው፣ የጎደለው አንዲት ባዶ ቦታ ብቻ ናት። ስለዚህ በባንክ፣ በስልክ ኩባንያና በዩኒቨርሲቲ ስምዎ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ቅደም ተከተልና ክፍተት መመዝገቡን ከመስኮቱ ሳይነሱ ያረጋግጡ።

ጉግል፣ ጂሜይል፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም በቻይና ኢንተርኔት ላይ ዝግ ናቸው። ዊቻት ለመደዋወያም ስለሚያገለግል ለቤተሰብዎ ጭነውላቸው ይሂዱ፤ እናትዎ ድምፅዎን ለመስማት ሳምንት መጠበቅ የለባቸውም። ለመንገድ ጋኦዴ የተባለውን የካርታ መተግበሪያ ይጠቀሙ።

ነጋዴዋ ከመርካቶ

መምህር፣ መልካም ዕድል ይግጠምዎ። እኔ ዕቃ ለማምጣት ወደ ጓንዡ ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወንድማችን ስለ ወረቀቱ በሚገባ ስለነገረዎት እኔ ስለ ሻንጣው ልንገርዎ።

ቂቤና ቋንጣ አይያዙ። ሥጋና የሥጋ ውጤት፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ እንቁላል፣ ያልተቀነባበረ ፍራፍሬና አትክልት እንዲሁም የሚዘራ እህል ይዞ መግባት በቻይና የተከለከለ ነው፤ ጉምሩክ ላይ ካገኙት ይወስዱታል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና የተቆላ ቡና ግን በሚገባ ታሽገው ቢሄዱ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አጥብቄ የምለምንዎት ስለ ጫት ነው። በእኛ አገር በየሱቁ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ወንጀል አይመስለውም። በቻይና ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አእምሮን የሚለውጡ ዕፆች ተርታ ተመድቧል፤ በደረቀ መልክም ቢሆን ያው ነው። በአገሩ የዕፅ ዝውውር ሕግ እስከ ሞት ድረስ ያስቀጣል። በአውሮፕላን ማረፊያ «ይህቺን ሻይ ቅጠል ለወንድሜ አድርስልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሚያውቁት ሰውም ቢሆን ይሉኝታ አይያዝዎ። ራስዎ ያልሸከፉትን ምንም ዓይነት አደራ አይቀበሉ፤ እንቢ በማለትዎ የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ሲደርሱ ፓስፖርትዎ፣ ለፈቃዱ ካስረከቡት ደግሞ ደረሰኙ፣ ምንጊዜም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳል፤ በተለይ አፍሪካውያን በሚበዙበት በሺያኦቤይና በሳንዩዋንሊ አካባቢ ፖሊስ መጠየቁ የተለመደ ነው። በእርጋታ ያሳዩ፣ ይመልሱልዎታል። የማደሪያዎን አድራሻም በቻይንኛ ጽሑፍ ስልክዎ ላይ ይያዙ፤ አብዛኛው የታክሲ ሾፌር በላቲን ፊደል የተጻፈውን አያነብም።

ጥሬ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ አይተዉ። ሻጭ ዩዋን በእጅ ሲሰጠው አልቀበልም እንዳይል ሕግ ይከለክለዋል፣ ነገር ግን መልስ ስለማይኖረው ዝርዝር ይያዙ። ሱቅ ላይ የተለጠፈ ዋጋ ካለ አይከራከሩ፤ በጅምላ ገበያ ግን ክርክሩ የሚጠበቅ ነው፣ ሻጩም የሒሳብ ማሽኑን ወደ እርስዎ ገፍቶ የሚሉትን ዋጋ እንዲጽፉ ይጠብቃል።

በባቡር ሲጓዙ የጣቢያውን ስም ሁለት ጊዜ ያንብቡ። የጓንዡ ደቡብ ጣቢያ ያለው ፓንዩ ውስጥ ነው፣ ምሥራቁ ቲያንሄ፣ ዋናው የድሮው ጣቢያ ደግሞ ዩዌሹ ወረዳ ነው፤ አንዱን በአንዱ የለወጠ ሰው ባቡሩ ያመልጠዋል። ወደ ሆንግ ኮንግ መሻገርም ከቻይና እንደመውጣት ይቆጠራል። ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኖ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ካልወጣ፣ ለአንድ ቀን ገበያ ብለው ቢሻገሩ መመለሻ የለዎትም።

በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ትልቁ የንግድ ትርዒት ፓዡ በሚባለው የጓንዡ ሠፈር ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚደረግ ነው። በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ በጣም ስለሚጨምር፣ ሊጎበኝዎ የሚመጣ ዘመድ ካለ ወሩን አስልቶ ይምጣ።

መምህር ከባሕር ዳር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ደረቅ ጫቱ በእውነት አላውቅም ነበር፤ ለሌሎችም ተጓዦች እነግራለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጾም እጾማለሁ፤ በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት የጾም ምግብ ይገኝ ይሆን? ሁለተኛ፣ ቢያመኝ ወዴት እሄዳለሁ? ሦስተኛ፣ የአጎቴ ልጅ ቋንቋውን ስትለምድ ለነጋዴዎች እያስተረጎምህ የኪስ ገንዘብ ታገኛለህ ብሎኛል፤ ይህ ይቻላል?

ጿሚዋ

ሰላም መምህር። ባለቤቴ ለሥራ ተልኮ ጓንዡ ከመጣን ወዲህ አጽዋማቱን ሁሉ የጾምነው እዚሁ ነው። ይቻላል፤ መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ወይም ከባሕር ፍጥረት የተሠራ ቡናማ ወጥ የፈሰሰበት ይሆናል፤ ሾርባውም የዶሮ ወይም የአጥንት ነው። ሥጋ የለውም ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ሥጋ፣ ስብ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና የባሕር ምግብ፣ የሥጋ ሾርባም ጭምር አልበላም» የሚል ጽሑፍ ቻይንኛ በሚያውቅ ሰው አስጽፈው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡና ለአብሳዩ ያሳዩ። እኔ በሠፈራችን ያለችውን አብሳይ ጽሑፉን ሳሳያት ሁለት ጊዜ አነበበችና መጥበሻውን አጥባ፣ ከጠርሙስ የኦቾሎኒ ዘይት እያሳየችኝ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት ብቻ ሠራችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ጎመን ማንሳት ትጀምራለች።

በቡድሂስት ቤተ መቅደሶች አቅራቢያ ሥጋ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እንቁላልና ወተት ስለሚጠቀሙ እነሱንም ይጠይቁ። ጠዋት ጠዋት ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት፣ የተቀቀለ በቆሎና ስኳር ድንች በየመንገዱ ይሸጣል። ቀይ ምስር በተራ ገበያ ካጡ ሺያኦቤይ አካባቢ ያሉትን የአረብና የሕንድ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይሞክሩ። በማደሪያው የኤሌክትሪክ ምድጃ ብዙ ጊዜ ስለሚከለከል፣ ተማሪዎች በጋራ የሚያበስሉበት ክፍል ካለ ገና ሲመዘገቡ ይጠይቁ።

ስለ ሕክምና፣ ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጥሩ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ከእኛ ይለያል። በፓስፖርት ተመዝግበው ወረፋ ይይዛሉ፣ ሐኪሙ ያያል፣ ምርመራውንም መድኃኒቱንም አስቀድመው ይከፍላሉ፣ ከዚያ ውጤቱን ይዘው ወደዚያው ሐኪም ይመለሳሉ። የተማሪ መድን ቢኖርዎትም ብዙውን ጊዜ ከፍለው ነው ኋላ የሚያስመልሱት፤ ስለዚህ ፋፒያኦ የሚባለውን ይፋዊ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። ጠዋት በማለዳ መሄድ ይመረጣል፤ ቻይንኛ የሚችል ጓደኛም ይያዙ። አምቡላንስ 120፣ ፖሊስ 110፣ እሳት አደጋ 119 ነው። አምቡላንስ በነጻ አይደለም። አገራችንም በከተማዋ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አላት፤ ፓስፖርት ቢጠፋ ወይም ከባድ ነገር ቢገጥም ወደዚያ ይሂዱ፣ አድራሻውንም ከመነሳትዎ በፊት ይመዝግቡ።

የፓንዩ ተማሪ

ስለ ማስተርጎሙ መልሱ አጭር ነው፤ ያለ ፈቃድ አይሞክሩት። ተማሪ ከትምህርት ቤት ውጭ ለመሥራት የዩኒቨርሲቲው ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ፖሊስ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ይህንኑ ሊጽፍለት ይገባል። ሳይፈቀድለት ሲሠራ የተገኘ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፣ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከዚያም በኋላ የትምህርት ዕድሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። የሚጠይቁዎት የአገር ልጆች በክፋት አይደለም፣ ሰው ስለሚቸግራቸው ነው። ለአጎትዎ ልጅ ግን ነገሩን ገና ከጅምሩ በግልጽ ቢያስረዱት ኋላ አትቀያየሙም።

አንድ የቀረ ነገር የአየሩ ሁኔታ ነው። ሲደርሱ ሙቀቱና ወበቁ ገና አልለቀቀም፤ ከባሕር የሚነሳ አውሎ ነፋስና ከባድ ዝናብም ያለበት ወቅት ነው። የዝናብ ማስጠንቀቂያው ቀይ ሲሆን ከቤት አይውጡ። የብርዱ ወቅት የሙቀት መጠኑን በቁጥር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በደቡብ ቻይና ቤቶች ማሞቂያ ስለማይገጠምላቸው ቅዝቃዜው እቤት ውስጥ ይበረታል፤ ወፍራም ጋቢ ይያዙ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ ግድግዳና ወለሉ ውኃ የሚያወርድበት ሰሞን ይመጣል። ያን ጊዜ መስኮት ከከፈቱ እርጥበቱ ይብሳል። ቆዳ ጫማና የሐበሻ ልብስ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፤ ዲግሪዎንና የትምህርት ማስረጃዎን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽገው፣ እርጥበት የሚመጥጡትን ከረጢቶች ከሱፐርማርኬት ገዝተው አብረው ያስቀምጡ።