ቀዋሊ፦ ከአጨብጫቢነት ተነሥቶ መሪ እስኪኮን

ዜማ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀዋሊ የሚባለውን የህንድና የፓኪስታን ሱፊዎች መንፈሳዊ ዜማ የሚያዜሙትን ሰዎች የምናያቸው መድረክ ከያዙ በኋላ ነው፤ እዚያ እስኪደርሱ ያለውን መንገድ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ብዙም አላገኘሁም። ልጁ በምን ይጀምራል? መሪ ለመሆን ምን ምን መቻል አለበት? አንዷን ስንኝ አሥርና ሃያ ጊዜ የሚመላልሳትስ ለምንድን ነው? ስለ ገቢውም የምታውቁ ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ተቀባይ፦
የሚጀመረው በጭብጨባ ነው። በፓኪስታንም በህንድም ቀዋሊ የቤተሰብ ሙያ ነው፤ አባት ለልጁ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ ያወርሰዋል። ቡድኑ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 9 ወንዶች ሆኖ መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ይቀመጣል። ከፊት መሪው፣ አጋዥ ድምፃውያኑና ሃርሞኒየሙ (በአየር የሚሠራው ባለ ቁልፍ መሣሪያ)፤ ከኋላ ታብላ ወይም ዶላክ የሚባሉትን ከበሮዎች መቺውና እያጨበጨቡ የሚቀበሉት። የልጁ ቦታ ከኋላ ነው። እዚያ ሆኖ ባለ 8 ምቱን ከሄርዋና ባለ 6 ምቱን ዳድራ የሚባሉትን የምት ዙሮች በእጁ ይለምዳል፣ መሪው በእጁ ሲጠቁመው መቼ መግባት እንዳለበት ያውቃል። ራጋው (የዜማው ስልት) ጎን ለጎን ቤት ውስጥ ይሰጠዋል። ግጥሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በፋርስኛ፣ በኡርዱና በፑንጃቢ ብዙ ስንኝ በቃሉ ያልያዘ ሰው መሪ አይሆንም።

ፓኪስታናዊው የቀዋሊ መሪ ኑስረት ፈተህ ዓሊ ኻን ጥሩ ማሳያ ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1948 ፋይሰላባድ ተወለደ። አባቱ ራሱ ስመ ጥር ቀዋል (ቀዋሊ የሚያዜም ሰው) ሳለ ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ነበር የሚፈልገው። ልጁ አስቀድሞ ታብላ ተማረ፤ አባቱ በ1964 ሲሞት በ40ኛው ቀን መታሰቢያ ላይ ሰው ፊት አዜመ። ከዚያ አጎቶቹ ያዙት፤ አጎቱ ሙባረክ ዓሊ ኻን በ1971 ሲያርፍ ቡድኑን ተረከበ። እንግሊዝ አገር ዎማድ በሚባለው የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል ያዜመው በ1985 ነው፤ ያኔ መሪ ከሆነ 14 ዓመት አልፎታል።

የሰማዕ ወዳጅ፦
ስለ መመላለሱ እኔ ልመልስ፤ የሙያው ልብ እሱ ነውና። ቀዋሊ በዋናነት ቺሽቲ የሚባለው የሱፊ ጠሪቃ (የመንፈሳዊ መንገድ) ሰዎች ሰማዕ፣ ማለትም መንፈሳዊ ዜማ የሚሰሙበት ጉባኤ ላይ የሚባል ነው። ደልሂ በወሊዩ ኒዛሙዲን አውሊያ ደርጋ (የመቃብር ስፍራ) ሐሙስ ማታ ይሰማል፤ ወሊዩ ያረፉበት ቀን በየዓመቱ ሲታሰብ ደግሞ ሌሊቱን ይዘልቃል። እዚያ ቀዋሉ ዓይኑን ከአድማጩ ላይ አያነሣም። አንዲት ስንኝ ስትባል አንዱ ራሱን ከነቀነቀ፣ ካለቀሰ ወይም ብድግ ካለ ቀዋሉ ከዚያች ስንኝ አይርቅም። ሰውየው ተረጋግቶ እስኪቀመጥ ያቺኑ ይላል፤ ምቱን ያጠነክራል እንጂ ቃሉን አይቀይርም። ወጅድ (መንፈሳዊ ተመስጦ) ላይ ያለን ሰው መሀል ላይ ማቋረጥ ይጎዳዋል ተብሎ ይታመናል። የቺሽቲው ወሊይ ቁጥቡዲን በኽቲያር ካኪ በ1235 (እ.ኤ.አ.) ደልሂ ላይ ያረፉት አንዲት የፋርስኛ ስንኝ ሰምተው ወጅድ እንደያዛቸው ነው ተብሎ ይተረካል።

መመላለስ ብቻውን ግን ያሰለቻል። ስለዚህ መሪው «ግራህ» ያስራል፦ ከሌላ ገጣሚ፣ አንዳንዴም ከሌላ ቋንቋ፣ ሐሳቡ የሚገጥም ስንኝ አምጥቶ ጣል ያደርግና ወደ ዋናዋ ይመለሳል። ብዙ ወጣት የሚወድቀው አመላለሱ ላይ ነው። ግራሁ ሲያልቅ ዋናዋ ስንኝ ከምቱ ዙር መጀመሪያ ጋር መግጠም አለባት፤ ካለፈችው ከተቀባዮቹ ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ይቀራል፣ ጭብጨባው ይበተናል። ሌላው ጥፋት ገና ከመነሻው መፍጠን ነው። 25 ደቂቃ የሚሄድ ዜማ ፈጥኖ ከተጀመረ 10ኛው ደቂቃ ላይ የሚጨመር ፍጥነት አይኖርም። መንዙማ የለመደ ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዘዋል።

ቅደም ተከተሉም አለ፦ የሃርሞኒየም መግቢያ፣ ለአላህ ሐምድ (ምስጋና)፣ ለነቢዩ ነዕት (ውዳሴ)፣ ከዚያ ለዓሊና ለወሊዮች ውዳሴ። ገዘል የሚባለው የፍቅር ግጥም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዜማ ፈላጊ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ድምፁስ? ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ይዘልቃል?

ባለ ሃርሞኒየም፦
ማይክ ባልነበረበት ዘመን ድምፁ ከጭብጨባውና ከዶላኩ በላይ መሰማት ነበረበት፤ ያ ከፍ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ አዜያየም ከዚያ የቀረ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው መነሻ ድምፁ (ሳ) ከአቅም በላይ ሲወሰድ ነው። ሳ የሚመረጠው መሪው ደክሞትም ቢሆን የላይኛዋን ሳ ሳይጨነቅ እንዲደርስባት ተደርጎ ነው፤ ታብላው በዚያው ይቃኛል። ከዚያ ቡድኑ ያሳርፈዋል፤ መሪው ስንኙን ጥሎ ሲተነፍስ አጋዡ ያነሣዋል፣ ተቀባዮቹ ሁለት ሦስቴ ይሉለታል። ራሱን በማይሰማበት መድረክ ላይ የሚጮህ ሰው ድምፁ ቶሎ ይዘጋል፤ ስለዚህ አንድ ድምፅ ማጉያ ወደ መሪው መዞር አለበት።

ድሮ ዜማውን ይዞ የሚከተለው ሳራንጊ የሚባለው እየተገዘገዘ የሚጮህ ባለ ክር መሣሪያ ነበር። በየዜማው መሀል መቃኘት ስለሚፈልግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ የመጣው ሃርሞኒየም ቦታውን ወሰደ። ሃርሞኒየም ግን በሁለት ድምፆች መሀል መንሸራተት አይችልም፤ ያንን መሥራት ያለበት ጉሮሮ ነው። ቁልፉን ብቻ እየተከተለ የሚያዜም ወጣት ዜማው ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ተቀባይ፦
ገቢውን ባጭሩ። ደርጋ ላይ የሚሰጠው ነዝራና ይባላል። አድማጩ ገንዘቡን በአክብሮት መጀመሪያ ለጉባኤው ሼህ ያቀርባል፣ ሼሁ ለቀዋሉ ያሳልፉለታል። ቁርጥ የለውም፤ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል። የታወቀ ክፍያ ያለው ሠርግና ኮንሰርት ላይ ነው፤ እዚያ በስምምነት ይሠራል። ገንዘቡ በመሪው እጅ ገብቶ ስለሚከፋፈል ድርሻን ከመነሻው መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይሆን ሲቀር አጋዡ ተለይቶ የራሱን ቡድን ያቆማል፣ መሪውም ለዓመታት አብሮት የለመደውን ድምፅ ያጣል።